ቤዙ ሲዘጋ፦ የዕቃ ማጓጓዣው፣ ታክሱና «በፈቃድ» የምትለዋ ቃል

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ 6 ዓመቴ ነው። አሁን ያለሁበት ቤዝ (በረራዬን የምጀምርበት የተመደብኩበት ከተማ) በሚቀጥሉት ወራት ሊዘጋ እንደሆነ ተነግሮናል። ቺካጎ ወይም ዳላስ መግባት እችላለሁ። ከባለቤቴና ከ2 ልጆቼ ጋር ባለ 2 መኝታ አፓርታማ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ኩባንያው ለዕቃ ማጓጓዣና ለጊዜያዊ ማረፊያ እስከ 8,000 ዶላር ይሸፍናል ተብሏል። የሥራ ባልደረቦቼ ሰው ሳይሻማ ቀድመሽ ትራንስፈር ጠይቂ ይሉኛል። አንዷ ደግሞ የመዛወሪያ ገንዘብ ታክስ የለውም፣ ከኪስሽ የምታወጪውንም በዓመቱ መጨረሻ ታክስ ላይ ታስቀንሺዋለሽ አለችኝ። ቤተሰቤን እዚሁ ትቼ እየተመላለስኩ ብሠራስ ገንዘቡን በእጄ ይሰጡኛል? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው።»

መልስ፦ ትራንስፈሩን ገና አይጠይቁ። ባልደረቦችዎ የመከሩዎት ነገር 8,000 ዶላሩን እንዳለ ሊያሳጣዎት ይችላል። የአሜሪካ አየር መንገዶች የመዛወሪያ ወጪ የሚሸፍኑት ቤዝ ለቀየረ ሰው ሁሉ አይደለም፤ ኩባንያው በራሱ ውሳኔ ላነሣው ሰው ነው። በሲኒየሪቲ (በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል) ተወዳድረው የሚያገኙት መደበኛ ትራንስፈር በፈቃድ የተደረገ ዝውውር ስለሚባል የጓዙ ወጪ የራስዎ ነው። ቤዝ ሲዘጋ ወይም የሠራተኛ ቁጥር ሲቀነስ የሚመጣው ግን ዲስፕሌስመንት ነው፤ በሲስተሙ ላይም ለብቻው ይመዘገባል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ቤዝ ተነሥተው በአንድ ሳምንት ቺካጎ ሊገቡ ይችላሉ፤ አንዱ የጭነት መኪናው ተከፍሎለት፣ ሌላው በራሱ ኪስ። የሚለያቸው መዝገቡ ላይ የሰፈረው የዝውውሩ ዓይነት ብቻ ነው።

ስሕተቱ የሚፈጠረው በመሃል ባለው ጊዜ ነው። ቤዙ እንደሚዘጋ ይነገራል፣ ይፋዊው የዲስፕሌስመንት ቢድ (ተነሺዎች የሚሄዱበትን ቤዝ የሚመርጡበት ጥሪ) ግን ወዲያው አይከፈትም። በዚያ ክፍተት መደበኛው ትራንስፈር ሥራውን ይቀጥላል። ቦታ እንዳያመልጠው የሰጋ ሰው ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታል፣ ደስ ይለዋል። ከወር በኋላ የማጓጓዣ ደረሰኙን ሲያስገባ «በራስዎ ጥያቄ ነው የሄዱት» የሚል መልስ ይመጣል። ከማስታወቂያው ቀን በኋላ በፈቃድ የሄዱትንም በዲስፕሌስመንት እንደተነሡ የሚቆጥር የሥራ ኮንትራት አለ፤ የማይቆጥርም አለ። የእርስዎ ኮንትራት የትኛው እንደሆነ አንቀጹን ሳያነቡ መገመት አይቻልም።

አንድ የተደበቀ ወጥመድም አለ። በብዙ አየር መንገዶች የትራንስፈር ጥያቄ አንዴ ከገባ ካልሰረዙት በቀር ፋይል ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆያል። ምናልባት ከዓመት በፊት «ቺካጎ ብገባ ጥሩ ነው» ብለው ያስገቡት ጥያቄ ካለ፣ አሁን ቦታ ሲከፈት ሳይጠየቁ ሊጸድቅ ይችላል። ዛሬውኑ ሲስተሙ ውስጥ ገብተው የቆየ ጥያቄ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ካለ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ተወካይዎን ያማክሩና ያንሡት፤ የተሰረዘበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ቀድሞ መግባቱ ራሱ ያን ያህል አይጠቅምም። ሲኒየሪቲ የሚቆጠረው ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ በመላው ኩባንያ ነው እንጂ አዲሱ ቤዝ ከገቡበት ቀን አይደለም። በመጋቢት ቢገቡም በሰኔ ቢገቡም የቺካጎ ዝርዝር ላይ ከእርስዎ በፊት የተቀጠሩት በላይ፣ በኋላ የተቀጠሩት በታች ይሆናሉ። በዲስፕሌስመንት ቢድም ምርጫ የሚሰጠው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እርስዎን የሚቀድምዎ ሰው ዛሬም የሚቀድምዎ ነው።

መብቱ የተጻፈው የት ነው? ዩኒየን ባለበት አየር መንገድ በሥራ ኮንትራቱ ውስጥ፣ የመዛወሪያ ወጪ በሚለው ክፍል ነው። የዩናይትድና የአላስካ አስተናጋጆች በኤ ኤፍ ኤ፣ የአሜሪካን በኤ ፒ ኤፍ ኤ፣ የሳውዝዌስት በቲ ደብሊው ዩ ሎካል 556 ይወከላሉ። የዴልታ አስተናጋጆች ዩኒየን የላቸውም፤ እዚያ የሚገዛው የኩባንያው ፖሊሲ ነው፣ ፖሊሲን ደግሞ ኩባንያው ብቻውን ሊለውጠው ይችላል። ልዩነቱ ክርክር ሲነሣ ይታያል። ኮንትራት ካለ አቤቱታው በሬልዌይ ሌበር አክት (የባቡርና የአየር መንገድ ሠራተኞች ሕግ) መሠረት በግሪቫንስ (በመደበኛ ቅሬታ) አልፎ እስከ ሲስተም ቦርድ (የግልግል ጉባኤ) ድረስ ይሄዳል። ግሪቫንስ የማስገቢያው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ የሚቆጠረውም መብትዎ መነፈጉን ካወቁበት ቀን ነው፣ ዕቃው ከደረሰበት አይደለም።

አንቀጹን ሲያነቡ ዓይንዎ መፈለግ ያለበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ርቀት ነው፤ 50 ማይል የተለመደ ወለል ነው፣ በአንድ ከተማ ካሉ አየር ማረፊያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር፣ ለምሳሌ በቺካጎ ከኦሄር ወደ ሚድዌይ፣ ብዙውን ጊዜ አይቆጠርም። ሁለተኛው የጊዜ ገደቡ ነው፦ ከተዛወሩ በኋላ በስንት ወር ውስጥ ቤት መቀየር፣ ደረሰኙን ደግሞ በስንት ቀን ውስጥ ማስገባት ይጠበቅብዎታል? ሦስተኛው ጣሪያው በዶላር ነው ወይስ በፓውንድ ክብደት የሚለው ነው። ከዚያ በላይ አብዛኛው ሰው የማያነበው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ሁለተኛ ዝውውርን የሚመለከተው። ቺካጎ ተመድበው ገና ቤት ሳይቀይሩ በራስዎ ጥያቄ ወደ ዳላስ ቢያልፉ የመጀመሪያው መብት አብሮ ይሂድ ወይም ይጥፋ የሚወስነው እሱ ነው። ቺካጎን እንደ መሸጋገሪያ እያሰቡ ከሆነ ይህን ሳያጣሩ አይንቀሳቀሱ።

አሁን ወደ ታክሱ። ጓደኛዎ የነገረችዎት ነገር እስከ እ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ድረስ እውነት ነበር። ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የታክስ ሕግ ምክንያት አሠሪ የሚከፍለው የመዛወሪያ ወጪ እንደ ማንኛውም ደመወዝ ታክስ ይከፈልበታል። ሕጉ በ2025 መጨረሻ ያበቃል ተብሎ ሲጠበቅ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው አዲስ ሕግ ቋሚ አደረገው። ነጻ የሚወጡት በትዕዛዝ የሚዛወሩ የጦር ኃይል አባላትና የተወሰኑ የስለላ ተቋማት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። የበረራ አስተናጋጅ የለችበትም። ከኪስ የወጣውን ማስቀነሱም በዚሁ ቀርቷል። ታክስ የሚሠራልዎት ሰው ፎርም 3903 (የመዛወሪያ ወጪ ማስቀነሻውን) ልሙላልዎት ካለ፣ ወይ ሕጉን አልተከታተለም፣ ወይ ኃላፊነቱን በእርስዎ ፊርማ ላይ እየጣለ ነው።

ሰዎችን የሚያደናግረው ገንዘቡ በእጃቸው ያልገባ ጊዜ ነው። ኩባንያው ለአጓጓዡ በቀጥታ ቢከፍልም ለእርስዎ የተከፈለ ደመወዝ ሆኖ ይመዘገባል፤ ደብሊው 2 (የዓመቱ የደመወዝ ማስረጃ) ላይ በሣጥን 1፣ 3 እና 5 ውስጥ ተደምሮ ይመጣል። በቁጥር እንየው። 8,000 ዶላሩ እንዳለ ለአጓጓዥና ለማረፊያ ተከፈለ እንበል። በእንዲህ ዓይነት ተጨማሪ ክፍያ ላይ ኩባንያዎች የሚቆርጡት የፌዴራል ታክስ አብዛኛውን ጊዜ 22 በመቶ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ፤ ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ስቴት ነዋሪ ከሆኑ 4.95 በመቶ ይጨመራል። ድምሩ 34.6 በመቶ፣ ማለትም 2,768 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ የሚቆረጠው ከየት ነው? ከበረራ ደመወዝዎ ነው። ለአዲሱ ቤት ዲፖዚት ባስያዙበት ወር ቼክዎ በ2,768 ዶላር ጎድሎ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው በክፍያው ማነስ ሳይሆን በዚህ ባልጠበቀው ወር ነው።

መከላከያው ግሮስ አፕ ይባላል፦ ኩባንያው ታክሱንም ጨምሮ ይከፍልልዎታል። ከላይ ባለው ስሌት 8,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ ለዕቃው እንዲውል ኩባንያው 12,232 ዶላር ገደማ ማውጣት አለበት፤ 8,000ን ለ0.654 ማካፈል ነው። ስለዚህ «እስከ 8,000» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ግሮስ አፕ ከጣሪያው ውጪ ከሆነ እውነተኛ 8,000 ዶላር አለዎት። ግሮስ አፕ ከሌለ ወይም ጣሪያው ታክሱንም የሚያካትት ከሆነ ያለዎት 5,232 ዶላር ነው። የአጓጓዥ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

22 በመቶው ጊዜያዊ ቁራጭ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ባልና ሚስት አብራችሁ የምትሞሉት ታክስ በ12 በመቶው እርከን ውስጥ ከሆነ ትርፉ በሪፈንድ ይመለሳል፤ የሶሻል ሴኩሪቲውና የሜዲኬሩ ግን አይመለስም። ግሮስ አፑ ራሱም የዓመት ገቢዎን ከፍ ያደርጋል። በማርኬትፕሌስ የሚገዙት የጤና ኢንሹራንስ፣ የልጆች መዋያ ድጎማ፣ የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ ወይም ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ካለዎት 12,000 ዶላር የሚያህል ጭማሪ ብቁ ከሚያደርግዎ የገቢ መስመር ሊያወጣዎት ይችላል። ደመወዝ የሚቆጠረው በተከፈለበት ዓመት ነውና፣ ዝውውሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከወደቀ ክፍያው ከጃንዋሪ 1 በፊት ወይም በኋላ ቢሆን የትኛው እንደሚሻልዎት ቀድመው ያስሉ።

የስቴት ታክስን በተመለከተ አውሮፕላን ላይ ለሚሠራ ሰው የተለየ ሕግ አለ። በሁለትና ከዚያ በላይ ስቴቶች የሚበር ሠራተኛ የስቴት ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ስቴት፣ እንዲሁም ከበረራ ሰዓቱ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነው በአንድ ስቴት ውስጥ ከሆነ ለዚያ ስቴት ነው። ከስቴት ስቴት ለምትበር አስተናጋጅ ሁለተኛው አይደርስባትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቤዝዎ ቺካጎ ሆኖ መኖሪያዎ ዳላስ ቢሆን ኢሊኖይ ደመወዝዎን አይነካም፤ ቴክሳስ ደግሞ የገቢ ታክስ የለውም። ግን የቤዝ ወረቀቱ ስለተለወጠ ፔይሮል በስሕተት ኢሊኖይ መቁረጥ ሊጀምር ይችላል። የመጀመሪያውን ቼክ ይመልከቱ፣ ካለ ወዲያው ያሳርሙ።

እየተመላለሱ የመሥራቱን ጉዳይ ባጭሩ፦ ቤት ካልቀየሩ በአብዛኞቹ ኮንትራቶች የሚከፈል ነገር የለም። ክፍያው የሚሰጠው በትክክል ለተደረገ ቤት ለውጥ ነው፤ የአዲሱ ቤት የኪራይ ውል፣ የመብራት ሂሳብ፣ አንዳንዴም መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። የዘመድ አድራሻ ሰጥቶ ወይም ውል አሠርቶ ለማስመሰል መሞከር ከገንዘቡ አልፎ ሥራውን ያሳጣል፤ ኩባንያዎች ይህን የሚያዩት እንደ ማጭበርበር ነው፣ ዩኒየንም ሊያድንዎት የሚችልበት ጉዳይ አይደለም። የክራሽ ፓድ (የበረራ ሠራተኞች ቤዝ ሲመጡ የሚጋሩት ማደሪያ) ኪራይም ከታክስ አይቀነስም። በታክስ ሕግ ዓይን የሥራ ቤትዎ ቤዝዎ ነው፤ ከመኖሪያዎ እስከ ቤዝዎ ያለው ጉዞና እዚያ የሚያድሩበት አልጋ፣ ርቀቱ 1,000 ማይል ቢሆን እንኳ፣ ወደ ሥራ እንደመሄድ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ ሪዘርቭ፣ ማለትም ቋሚ ፕሮግራም ሳይኖር ጥሪ እየጠበቁ መሥራት፣ አለ። ቺካጎ ውስጥ 6 ዓመት መስመር (የወሩን ቋሚ የበረራ ፕሮግራም) የሚያስይዝ ወይም በሪዘርቭ የሚያስቀምጥ መሆኑን የሚያውቁት የቤዙን የሲኒየሪቲ ዝርዝር ከዩኒየን ጠይቀው ስምዎ የት ላይ እንደሚያርፍ ሲያዩ ነው። ሪዘርቭ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየር ማረፊያ መገኘት ስለሚጠበቅብዎ ከሌላ ከተማ ሆነው መጠባበቅ አይቻልም፤ ልጆች ላሉት ሰው የወሩን አብዛኛውን ክፍል ከቤት ውጪ ማሳለፍ ማለት ነው። ለዳላስም ያንኑ ያድርጉ። ከተማውን ከመምረጥዎ በፊት ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም የቤት ኪራይ ንጽጽር ይበልጣል።

መመላለሱንና ክፍያውን የሚያስታርቅ መንገድ ግን አለ። የጊዜ ገደቡ ሰፋ ያለ ከሆነ ዲስፕሌስመንቱን ተቀብለው ልጆቹ የትምህርት ዓመቱን እስኪጨርሱ እየተመላለሱ ቆይተው፣ መብቱ ሳያልፍ ትምህርት ሲዘጋ ቤት መቀየር ይቻላል። አንዳንድ ኮንትራት ለዚህ መሸጋገሪያ ጊዜ የተረጋገጠ መቀመጫ ይሰጣል፤ የእርስዎም ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ክፍት መቀመጫ ሲገኝ ብቻ እየተሳፈሩ ሳምንት ሳምንት መመላለስና በእርግጠኛ መቀመጫ መሄድ አይወዳደሩም።

ኩባንያው «ለጊዜው» ሌላ ቤዝ ልኮ ሆቴል እከፍላለሁ የሚል አማራጭ ካቀረበልዎ ያ ሌላ ነገር ነው። ከመነሻው ከ1 ዓመት የማይበልጥ ተብሎ ታስቦ በእርግጥም ያልበለጠ ምደባ ከሆነና ደረሰኝ በሥርዓት ካስገቡ፣ ሆቴሉና አበሉ ታክስ የለበትም። ከ1 ዓመት እንደሚያልፍ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ግን ታክስ ይጀምራል። ነባሩ ቤዝዎ ተዘግቶ የሚመለሱበት ከሌለ ይህን ስም መጠቀሙ አያዋጣም።

አሁን ዕቃው። የተለመደው መለኪያ በሙሉ የተደራጀ አንድ ክፍል 1,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ባለ 2 መኝታ ቤት ከሳሎንና ከማዕድ ቤት ጋር 4,000 እስከ 5,000 ፓውንድ ይመጣል። ጣሪያው በክብደት ከሆነ ትርፉን የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ መኪናው ከመራገፉ በፊት ድጋሚ ይመዘን የማለት መብት እንዳለዎት ይወቁ። አጓጓዡን የሚመርጠው ኩባንያው ካልሆነ፣ ዩ ኤስ ዶት ቁጥሩን (የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምዝገባውን) ያጣሩ። ዋጋውን ቤትዎን በአካል ወይም በቪዲዮ አይቶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። ባይንዲንግ የተባለው ግምት የተጻፈውን ብቻ ያስከፍላል። ባይንዲንግ ያልሆነው ሊጨምር ይችላል፤ ሆኖም ዕቃው ሲደርስ ከግምቱ ከ110 በመቶ በላይ እስካልከፈላችሁኝ አላወርድም ሊልዎት አይችልም፤ ቀሪውን በኋላ በቢል ይልካል። ጣሪያዎ የተወሰነ ስለሆነ ለእርስዎ የሚስማማው ባይንዲንግ ነው።

ከሁሉም ወረቀት አንዷን ፊርማ ይጠንቀቁ። ከስቴት ስቴት የሚሄድ ዕቃ፣ እርስዎ በጽሑፍ ካልተውት በስተቀር፣ በሙሉ ዋጋው ኃላፊነት የሚጓዝ ነው። ያን ትተው «ሪሊስድ ቫልዩ» የሚለው ላይ ከፈረሙ ግን አጓጓዡ የሚጠየቀው በእያንዳንዱ ዕቃ ክብደት በፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ ነው። 25 ፓውንድ የሚመዝን የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሰነጠቅ 15 ዶላር ይሰጥዎታል፤ አዲሱን የሚገዙበትን ዋጋ ያውቁታል። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር 24 ዶላር። ርካሹ አማራጭ ስለሆነ ኩባንያዎችም አጓጓዦችም ዝም ብለው የሚያስፈርሙት ይህንን ነው። የኩባንያዎ ክፍያ ሙሉ ዋጋውን የማይሸፍን ከሆነ ልዩነቱን ከኪስዎ ይጨምሩ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ዕቃው ሲጫን ሾፌሩ እያንዳንዱን ነገር በቁጥር ይመዘግባል። በራስዎ ያሸጉት ካርቶን አጠገብ «ፒ ቢ ኦ» ይጻፋል፤ ባለቤቱ ያሸገው ማለት ነው። ካርቶኑ ከውጪ ሳይጎዳ ውስጡ ያለው ረከቦትና ስኒ ተሰባብሮ ቢገኝ ካሣ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ጨርቃ ጨርቁንና መጽሐፉን እርስዎ ይሸጉ፣ ተሰባሪውን እነሱ። ከመጫኑ በፊት ሳሎኑን፣ ሶፋውንና ጠረጴዛውን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ፤ ሾፌሩ «የተጫረ» ብሎ የሚጽፈው ነገር ከእውነቱ ጋር እንዲመሳከር። በፓውንድ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ለብቻው በጽሑፍ ካልተመዘገበ ሙሉ ካሣ የለውም። ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ሰርተፊኬት ጭራሽ መኪናው ላይ አይወጡም፤ በእጅ ቦርሳ ይሂዱ። የካሣ ጥያቄ ዕቃው ከደረሰ በ9 ወር ውስጥ መግባት አለበት፤ አጓጓዡ በ120 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል።

መኪናው የሚደርስበት ቀን አንድ ቀን ሳይሆን የቀናት ክልል መሆኑ ለበረራ ሠራተኛ ዋና ራስ ምታት ነው። የ4 ቀን ትሪፕ ላይ ሳሉ ሊደርስ ይችላል። ባለቤትዎ መቀበልና መፈረም እንዲችሉ ስማቸው በጭነት ሰነዱ ላይ ይግባ። ለመዛወሪያ የሚሰጡ የእረፍት ቀናት ካሉ፣ የወሩ ቢድ (የበረራ ፕሮግራም ምርጫ) ከመዘጋቱ በፊት ያስመዝግቡ፤ መስመሩ ከወጣ በኋላ የሚጠየቅ ቀን የተመደበ ትሪፕ ማውረድ ስለሚያስፈልገው በሰው እጥረት ምክንያት ይከለከላል። ቺካጎ ብዙ ሕንጻዎች ሊፍቱን በቀጠሮ ነው የሚሰጡት፤ አጓጓዡም የኢንሹራንስ ወረቀት ለሕንጻው አስተዳደር እንዲልክ ይጠይቃሉ። ይህ ሳይሟላ የመጣ መኪና ዕቃውን ይዞ ወደ መጋዘን ይመለሳል፣ የመጋዘኑንና የድጋሚ ማድረሻውን ብር ደግሞ የኩባንያው ክፍያ አይሸፍነውም ይሆናል።

ግሪን ካርድ ስላለዎት አድራሻዎን በቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን በፎርም ኤ አር 11 ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለባለቤትዎና ለልጆችዎም፣ ዜጋ ካልሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው። ዜግነት ሊያመለክቱ አስበው ከሆነ ደግሞ የሚያመለክቱበት ስቴት ወይም ዲስትሪክት ውስጥ 3 ወር መኖር ይጠበቃል። የጊዜ መስፈርቱን አሟልተው ከሆነ አሁን ካሉበት ሆነው ያስገቡ፤ አለዚያ አዲሱ ቦታ 3 ወር ይጠብቁ። ካስገቡ በኋላ ቢዛወሩ ፋይልዎ ወደ አዲሱ ቢሮ ስለሚሄድ ቀጠሮው ሊዘገይ ይችላል። የአየር ማረፊያ ባጅም የየአየር ማረፊያው ነው፤ የድሮውን መልሰው ደረሰኝ ይቀበሉ።

ክፍያውን ሲቀበሉ የሚፈርሙት ወረቀት ውስጥ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ሥራ ከለቀቁ ይመልሳሉ የሚል ካለ፣ የሚመለሰው በእጅ የገባው ነው ወይስ ታክሱን ጨምሮ ጥቅሉ የሚለውን ያስጽፉ። በሚቀጥለው የታክስ ዓመት የሚመለስ ገንዘብ ላይ ጥቅሉ ሲጠየቅ፣ ያልነኩትን ገንዘብ ከፍለው ታክሱን ለማስመለስ ለብቻው መሯሯጥ ይመጣል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ በፈቃድ ትራንስፈር አይሂዱ፤ ዲስፕሌስመንቱን ጠብቀው ይውሰዱ፤ የሲኒየሪቲ ዝርዝሩ መስመር የሚያስይዝዎትን ከተማ አንደኛ ያድርጉ፤ ቤቱን በጊዜ ገደቡ ውስጥ ትምህርት ሲዘጋ ይቀይሩ። ከዚያ በፊት ለሱፐርቫይዘርዎ፣ ለዩኒየን ተወካይዎ ግልባጭ አድርገው፣ ይህን ብቻ የያዘ ኢሜይል ይላኩ፦ «በዲስፕሌስመንት ቢድ ቺካጎ ወይም ዳላስ ብመደብ ዝውውሬ በኩባንያው ውሳኔ እንደተደረገ ይመዘገባል? የ8,000 ዶላሩ ጣሪያ ግሮስ አፕን ይጨምራል? ክፍያው ለአጓጓዡ በቀጥታ ነው ወይስ በደረሰኝ? ዕቃዬን የማንቀሳቅስበት የመጨረሻ ቀን የትኛው ነው? ደረሰኝ የማስገቢያውስ?» በስልክ የሚሰጥ መልስ አይቀበሉ፤ ደውለው ከነገሩዎት «በስልክ እንደተነጋገርነው» ብለው የሰሙትን ጽፈው መልሰው ይላኩ።

ግን የቢዱን ቀን አያሳልፉ። መልስ እየጠበቁ ሳለ የዲስፕሌስመንት ቢዱ ቢከፈት፣ መልሱ ባይመጣም ምርጫዎን በጊዜው ያስገቡ፤ ከሁለቱ ከተሞች ሌላ የሚታገሱት ቤዝ ካለም በሦስተኛነት ይጨምሩ። ምንም ያላስገባ ሰው ኩባንያው ቦታ በቀረበት ቤዝ ይመድበዋል፣ ለእርስዎ ደግሞ ያ ቤዝ ቺካጎም ዳላስም ላይሆን ይችላል።